የጃቫ ፕሮግራምን ከዳታቤዝ ጋር ማገናኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጃቫ የሚጽፍ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ዳታቤዝ መንካቱ አይቀርም። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ጀማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹ እኔንም በጊዜው እንቅልፍ ነስተውኛል። እንዳየሁት ከሆነ ብዙ ሰው የሚቸገረው ኤስኪውኤሉ (ዳታቤዙ የሚታዘዝበት ቋንቋ) ላይ አይደለም፤ ኮኔክሽኑን (ፕሮግራሙን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘውን መስመር) ማን ከፈተው፣ ማን ይዘጋዋል፣ እስከ መቼስ ይያዛል የሚለው ላይ ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

ጄዲቢሲ ምንድን ነው? ድራይቨርስ?

ጄዲቢሲ ጃቫ ከሪሌሽናል ዳታቤዝ ጋር የሚነጋገርበት ስምምነት ነው። ከ1997 ጀምሮ፣ ማለትም ከጄዲኬ 1.1 አንስቶ፣ ከጃቫ ጋር አብሮ ይመጣል። ስምምነት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውስጡ ያለው አብዛኛው ነገር ኢንተርፌስ ነው። ኮኔክሽን፣ ስቴትመንት (ለዳታቤዙ የሚላከው ትእዛዝ)፣ ሪዘልት ሴት (የሚመለሱት ረድፎች) የሚባሉት ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይናገራል እንጂ ራሱ አያደርገውም። የሚያደርገው ድራይቨሩ ነው። ድራይቨር ማለት ለአንድ ዓይነት ዳታቤዝ ተብሎ የተዘጋጀ ጃር ፋይል ነው፤ የእናንተን ትእዛዝ ተቀብሎ ያ ዳታቤዝ በሚገባው ቋንቋ በኔትወርክ ይልካል፣ መልሱንም ወደ ጃቫ ይተረጉማል።

የቆዩ መጻሕፍት ድራይቨርን በአራት ዓይነት ከፍለው ያስተምራሉ። ለፈተና ካልሆነ በቀር ብዙ አትድከሙበት። ዛሬ የምታገኟቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም አራተኛው ዓይነት፣ ሙሉ በሙሉ በጃቫ የተጻፈው ነው። በኦዲቢሲ (ሌላ የዳታቤዝ መገናኛ ስምምነት) በኩል ያሻግር የነበረው ድልድይ ከጃቫ 8 ጀምሮ ወጥቷል።

ለመገናኘት ምን ምን ያስፈልገኛል?

የድራይቨሩ ጃር፣ የዳታቤዙ አድራሻ፣ ዩዘርኔምና ፓስወርድ። ጃሩን በእጅ አውርዶ ማስገባት ይቻላል፤ ግን ላይብረሪ ራሳቸው የሚያወርዱት ማቨን ወይም ግሬድል እያሉ ለምን ትለፋላችሁ?

አድራሻው መጀመሪያ ሲያዩት ያደናግራል፤ ቆራርጠው ሲያነቡት ግን ቀላል ነው። ፖስትግሬስ ለሚባለው ዳታቤዝ ቢሆን እንዲህ ይሄዳል፦ «ጄዲቢሲ»፣ ኮለን፣ «ፖስትግሬስኪውኤል»፣ ኮለን፣ ሁለት ስላሽ፣ የሰርቨሩ ስም፣ ኮለን፣ 5432፣ አንድ ስላሽ፣ የዳታቤዙ ስም። የመጀመሪያው ቃል የትም አይለወጥም። ሁለተኛው የትኛው ድራይቨር እንደሚጠራ ይወስናል። ቁጥሩ ፖርቱ ነው፤ ማንም ካልቀየረው ማይኤስኪውኤል 3306፣ ኦራክል 1521፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር 1433 ላይ ነው የሚጠብቁት። ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤል ከዳታቤዙ ስም ቀጥሎ በጥያቄ ምልክት ተጨማሪ መመሪያ ይቀበላሉ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ግን ሁሉንም በሴሚኮለን እየለየ ነው የሚያነበው። የአንዱን አድራሻ ቀድቶ ስሙን ብቻ በመቀየር ለሌላው መጠቀም አያዋጣም።

«ተስማሚ ድራይቨር አልተገኘም» የሚል ኤረር ይመጣብኛል። ኮዱ ግን ያለ ችግር ኮምፓይል ይሆናል።

ኮምፓይል መሆኑ አያስገርምም። ኮዳችሁ የሚያውቀው ከጃቫ ጋር የመጡትን ኢንተርፌሶች ብቻ ነው፤ ድራይቨሩ የሚፈለገው ፕሮግራሙ ሲነሳ ነው። መጀመሪያ ጃሩ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ክላስፓዝ (ጃቫ ክላሶችን በሚፈልግበት ቦታ) ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ካለ ደግሞ የአድራሻውን መጀመሪያ ፊደል በፊደል አንብቡት። አንዲት ኮለን ብትጎድል ወይም ሁለተኛው ቃል፣ የዳታቤዙ ዓይነት፣ ቢሳሳት ሁሉም ድራይቨር «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ኤረር ያው አንድ ነው።

ሌላም አለ፣ ሰው ብዙም የማይጠረጥረው። ከጃቫ 6 ጀምሮ የድራይቨሩን ክላስ በስም መጥራት አያስፈልግም፤ ጃሩ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ የማስታወቂያ ፋይል ድራይቨሩን ራሷ ታስመዘግባለች። ሁሉንም ላይብረሪ አንድ ትልቅ ጃር ውስጥ ስታሽጉ ግን ተመሳሳይ ስም ያላቸው እነዚህ ፋይሎች እርስ በርስ ይደራረቡና የአንዱ ማስታወቂያ ይጠፋል። በአይዲኢ ሲሠራ የነበረው ታሽጎ ሲወጣ እምቢ ካለ ይህንን ጠርጥሩ። መፍትሔው ማሸጊያው ፕለጊን እነዚያን ፋይሎች እንዲያዋህድ ማዘዝ ነው።

ድራይቨሩ ተገኝቷል፣ ግን አሁንም አልገናኝም።

ኤረሩን በጥሞና አንብቡት፤ የት ድረስ እንደደረሳችሁ ይነግራችኋል። «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ካለ ማሽኑ ተገኝቷል፣ በዚያ ፖርት ላይ ግን የሚያዳምጥ የለም፤ ዳታቤዙ አልተነሳም ወይም ፖርቱ ሌላ ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ «ታይምአውት» ካለ አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ ፋየርዎል አለ። ስለ ፓስወርድ ካወራ ደስ ይበላችሁ፤ ኔትወርኩ ሰላም ነው፣ የቀረው ዩዘርኔም፣ ፓስወርድና ፈቃድ ነው።

ዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ «ሎካልሆስት» የሚለውን ስም እንደገና አስቡበት። ኮንቴይነር ውስጥ ያለ ፕሮግራም ሎካልሆስት ሲል ራሱን ማለቱ ነው፤ ጎኑ ያለውን የዳታቤዝ ኮንቴይነር አይደለም። በኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ለዳታቤዙ የሰጣችሁትን የሰርቪስ ስም ተጠቀሙ።

ስቴትመንት ወይስ ፕሪፔርድ ስቴትመንት?

ከተጠቃሚ የመጣ አንድ ቃል እንኳ ካለበት ፕሪፔርድ ስቴትመንት። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ምክንያቱን በቅርብ እንየው። በስም የሚፈልግ ኪዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ) በመደመር ምልክት እየቀጠላችሁ ሠራችሁ እንበል፤ ስሙ በሁለት ነጠላ ጥቅሶች መሐል ይገባል። አንድ ሰው ሳጥኑ ውስጥ ' ኦር '1'='1 የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጽፍ የመጀመሪያዋ ጥቅስ የእናንተን ጥቅስ ትዘጋለች፤ የተረፈው ስም መሆኑ ይቀርና የትእዛዙ አካል ይሆናል። አንድ ሁልጊዜ ከአንድ ጋር እኩል ስለሆነ የሠንጠረዡ ረድፎች በሙሉ ይወጣሉ። ክፉ ሰው እስኪመጣም መጠበቅ አያስፈልግም፤ ኦ'ኮነር የሚባል ደህና ደንበኛ ቢመዘገብ በስሙ ውስጥ ያለችው ጥቅስ ብቻዋን ኪዌሪውን ትሰብረዋለች።

ፕሪፔርድ ስቴትመንት ትእዛዙን ከእሴቱ ይለያል። በእሴቱ ቦታ የጥያቄ ምልክት ታስቀምጣላችሁ፣ እሴቱን ለብቻው ትሰጣላችሁ፤ ውስጡ ምንም ይኑር ምን እሴት ሆኖ ይቀራል። ቆጠራው ከ1 እንጂ ከ0 አይጀምርም። ሪዘልት ሴት ላይ ያሉት ዓምዶችም እንዲሁ። የጃቫ አሬይ የለመደ እጅ እዚህ ላይ ሁሌ ይሳሳታል።

አንድ ገደብ አለው፦ የሠንጠረዥ ወይም የዓምድ ስም በጥያቄ ምልክት መተካት አይቻልም። ተጠቃሚው የሚደረደርበትን ዓምድ እንዲመርጥ ከፈለጋችሁ የተፈቀዱትን ስሞች ኮዱ ውስጥ ዘርዝራችሁ ከዚያ ብቻ ምረጡለት።

ኮኔክሽኑን መዝጋት ግዴታ ነው? ጋርቤጅ ኮሌክተሩ አያነሳውም?

ግዴታ ነው። ጋርቤጅ ኮሌክተሩ የሚያውቀው ሜሞሪ ነው፤ ከኮኔክሽኑ ጀርባ ያለውን ሶኬትና ዳታቤዙ ላይ የተያዘውን ቦታ በሰዓቱ እንዲለቅ ልትተማመኑበት አትችሉም።

አንድ ጊዜ በየጥቂት ቀኑ የሚቆም ሰርቪስ እጄ ላይ ወድቆ ነበር። ሪስታርት ሲደረግ ይነሳል፣ ከዚያ ደግሞ ይቆማል። ሁሉም ጣቱን የቀሰረው ዳታቤዙ ላይ ነበር፤ ዳታቤዙ ግን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ኮዱን ስከፍተው ኮኔክሽኑ የሚዘጋው የሜተዱ መጨረሻ መስመር ላይ ነው፤ ደህና። ከእሷ ከፍ ብሎ ግን «ደንበኛው ካልተገኘ ባዶ መልስ» የምትል አንዲት ሪተርን ነበረች። ያልተገኘ ደንበኛ በተፈለገ ቁጥር አንድ ኮኔክሽን ተወስዶ ሳይመለስ ይቀራል። ፑሉ፣ ማለትም ኮኔክሽን የሚበደርበት ማከማቻ፣ 10 ነው የሚይዘው። አሥረኛው ያልተገኘ ደንበኛ ላይ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ጥፋተኛዋን ሪተርን የጻፋት ማን ነው ብዬ ታሪኩን ስፈልግ የራሴ ስም ወጣ።

ከጃቫ 7 ጀምሮ ለዚህ መድኃኒት አለው፦ ትራይ ዊዝ ሪሶርስስ። ኮኔክሽኑን፣ ስቴትመንቱንና ሪዘልት ሴቱን በትራዩ ቅንፍ ውስጥ ክፈቷቸው። ሪተርን ቢኖር፣ ኤክሴፕሽን ቢወረወር፣ ከተከፈቱበት በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ይዘጋሉ። በፋይናሊ ውስጥ በእጅ የሚዘጋ የቆየ ኮድ ካገኛችሁ ጊዜ ሲኖራችሁ ቀይሩት፤ ሦስት ነገር በትክክል ለመዝጋት የሚጻፈው የፋይናሊ ቁልል ራሱ የስህተት ምንጭ ነው።

ኮኔክሽን ፑል ለምን ያስፈልጋል?

አዲስ ኮኔክሽን መክፈት ውድ ስለሆነ ነው። የቲሲፒው መጨባበጥ አለ፣ ቲኤልኤስ ካለ የእሱ ምልልስ አለ፣ የፓስወርድ ማረጋገጫ አለ፤ ፖስትግሬስ ደግሞ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን አንድ ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ያስነሳል። ይህን ሁሉ ለአንድ የ2 ሚሊሰከንድ ኪዌሪ ብሎ በየጥያቄው መድገም አይረባም። ፑል ጥቂት ኮኔክሽኖችን ከፍቶ ይይዛል፤ ሲጠየቅ ያበድራል፣ ስትዘጉት መልሶ ይወስዳል። ስለዚህ ፑል ስትጠቀሙም መዝጋቱ አይቀርም፤ እዚህ ላይ መዝጋት ማለት መመለስ ነው።

ዛሬ በብዛት የሚታየው ፑል ሂካሪ ነው፤ ስፕሪንግ ቡት ከሚባለው የጃቫ ፍሬምወርክ ጋር ከ2.0 ወዲህ ሳትጠይቁት አብሮ ይመጣል። ካልነካችሁት እስከ 10 ኮኔክሽን ይይዛል፣ ሁሉም ከተበደሩ አሥራ አንደኛው ጠያቂ 30 ሰከንድ ጠብቆ ኤክሴፕሽን ይቀበላል። አንዱ ኮኔክሽን ከተወሰነ ጊዜ በላይ ሳይመለስ ሲቀር ማን እንደወሰደው ሎግ ላይ የሚያሳይ የሊክ መከታተያም አለው። ከላይ ያወራሁላችሁን ችግር ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ በአምስት ደቂቃ አገኘው ነበር።

ፑሉን 100 ባደርገው አይፈጥንም?

ብዙ ጊዜ ይብስበታል። ቁጥሩን በእጃችሁ አስሉት፦ አንድ ኪዌሪ 5 ሚሊሰከንድ ቢወስድ አንድ ኮኔክሽን በሰከንድ 200 ያስተናግዳል፤ አሥሩ 2000። ብዙ ሲስተም ከዚህ በታች ነው የሚኖረው። ከፖስትግሬስ ሰዎች የመጣ፣ የሂካሪ መመሪያም የሚጠቅሰው መነሻ ቀመር አለ፦ የዳታቤዙን ሰርቨር ኮር በ2 አባዙት፣ የዲስኩን ቁጥር ጨምሩበት። ባለ 4 ኮርና ባለ አንድ ዲስክ ሰርቨር 9 ይመጣል። መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ ለክታችሁ አስተካክሉት።

የሚረሳው ነገር ድምሩ ነው። ፖስትግሬስ ካልቀየራችሁት 100 ኮኔክሽን፣ ማይኤስኪውኤል 151 ይቀበላሉ። ፕሮግራማችሁ በ8 ኢንስታንስ ቢሠራና እያንዳንዱ የ20 ፑል ቢይዝ 160 ሆነ፤ ፖስትግሬሱ በር ይዘጋባችኋል። ከጃቫ 21 ጋር የመጡት ቨርቹዋል ትሬዶችም ይህን አይለውጡትም። ሺህ ትሬድ ብታስነሱ ሺውም ያችኑ አሥር ኮኔክሽን ነው የሚጠብቁት።

ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው ጥያቄ ይከሽፋል፣ ከዚያ ይስተካከላል። ለምን?

ኮኔክሽኑ ሌሊቱን ሥራ ፈትቶ ስላደረ ነው። ማይኤስኪውኤል ለ28800 ሰከንድ፣ ማለትም ለ8 ሰዓት፣ ምንም ያልሰማበትን ኮኔክሽን ይቆርጣል። መሐል ያለ ፋየርዎል ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ድምፁን አጥፍቶ ሊቆርጥ ይችላል። ሳይፈትሽ የሚያበድር ፑል የሞተውን ኮኔክሽን እንደ ደህና አድርጎ ይሰጣችኋል። በፑሉ ላይ የአንድን ኮኔክሽን ከፍተኛ ዕድሜ ከሁሉም አጭር ከሆነው ገደብ በታች አድርጉት። ሂካሪ ላይ ሳይነኩት 30 ደቂቃ ነው።

ትራንዛክሽን መቼ ነው የሚያስፈልገኝ?

ሁለት ለውጦች አብረው መሆን ወይም አብረው መቅረት ሲኖርባቸው። ከአንድ ሂሳብ ተቀንሶ ወደ ሌላው ሳይገባ ኃይል ቢቋረጥስ? ጄዲቢሲ ሲጀምር ኦቶኮሚት ክፍት ነው፤ እያንዳንዱ ትእዛዝ ብቻውን ይጸድቃል። ኦቶኮሚትን አጥፉ፣ ሁለቱንም አፕዴት አስኬዱ፣ ኮሚት አድርጉ (አጽድቁ)፣ ኤክሴፕሽን ከመጣ ሮልባክ (ሁሉንም ወደነበረበት መልሱ)። ሮልባኩን አትርሱ፤ ፖስትግሬስ ላይ በትራንዛክሽን መሐል አንድ ትእዛዝ ከከሸፈ ሮልባክ እስክታደርጉ ድረስ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ አይቀበልም።

ትራንዛክሽን ከፍታችሁ ኢሜይል መላክ ወይም የሌላ ድርጅት ኤፒአይ መጥራት የለባችሁም። እዚያ ማዶ ያለው ሰርቨር 20 ሰከንድ ቢዘገይ ኮኔክሽኑም የተቆለፉት ረድፎችም 20 ሰከንድ ይያዛሉ። የጎሉ አሥር ኮኔክሽኖች ታሪክ በሌላ በር ተመለሰ ማለት ነው።

ስፕሪንግ ላይ ትራንዛክሽናል የሚለውን አኖቴሽን የምትጠቀሙ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንዱ ሜተድ የዚያኑ ክላስ ሌላ ሜተድ በቀጥታ ሲጠራ አኖቴሽኑ አይሠራም፤ ጥሪው ትራንዛክሽኑን በሚከፍተው የስፕሪንግ ፕሮክሲ (አማላጅ) በኩል አላለፈማ። ሁለተኛ፣ ቼክድ ኤክሴፕሽን ካልታዘዘ በቀር ሮልባክ አያስደርግም።

የአይሶሌሽን ደረጃ (አንዱ ትራንዛክሽን የሌላውን ለውጥ መቼ እንደሚያይ የሚወስነው) ራሱን የቻለ ትልቅ ርእስ ነው። እዚህ ይህን ብቻ ያዙ፦ ፖስትግሬስ፣ ኦራክልና ኤስኪውኤል ሰርቨር ሲጀምሩ ሪድ ኮሚትድ ላይ ናቸው፤ የማይኤስኪውኤል ኢኖዲቢ ግን ሪፒተብል ሪድ ላይ። አንዱ ላይ የተሞከረ ኮድ ሌላው ላይ የተለየ ጠባይ ቢያሳይ አይግረማችሁ። ኤስኪውኤል ስቴቱ (የኤረሩ መለያ ኮድ) በ40 የሚጀምር ኤረር ከመጣ ደግሞ ዳታቤዙ ራሱ ትራንዛክሽኑን ሰርዞታል፣ ብዙ ጊዜም በዴድሎክ (ትራንዛክሽኖች እርስ በርስ ተቆላልፈው ሲጠባበቁ) ምክንያት፤ ሙሉውን ከመጀመሪያው ደግሞ መሞከር ነው።

ዓምዱ ባዶ ነው፣ ጃቫ ላይ ግን 0 ይመጣል።

ጌትኢንት የሚመልሰው ፕሪሚቲቭ ስለሆነ ነልን መያዝ አይችልም፤ 0 ይሰጣችኋል። ወዲያው ቀጥላችሁ ዋዝነል ብላችሁ ጠይቁ፣ ወይም በጌትኦብጀክት የኢንቲጀር ክላስን አስይዛችሁ አንብቡ። እግረ መንገዴን፦ ገንዘብ በደብል አይነበብም፤ ቢግዴሲማል ተጠቀሙ። ለቀን ደግሞ ከጄዲቢሲ 4.2 ጀምሮ እነ ሎካልዴትን በቀጥታ ማንበብና መጻፍ ስለሚቻል የድሮውን የዴት ክላስ እረፍት ስጡት።

ትልቅ ሠንጠረዥ ሳነብ ሜሞሪ ያልቃል። አንድ አንድ ረድፍ አይደል እንዴ የማነበው?

እናንተ አንድ አንድ ታነባላችሁ፤ ድራይቨሩ ግን ሁሉንም ቀድሞ አምጥቶት ይሆናል። የፖስትግሬስ ድራይቨር ካልታዘዘ ሙሉውን ውጤት ሜሞሪ ውስጥ ይጭናል። በክፍል በክፍል እንዲያመጣ ፌች ሳይዝ (በአንድ ጊዜ የሚመጣውን የረድፍ ብዛት) መስጠትም፣ ኦቶኮሚትን ማጥፋትም ያስፈልጋል፤ አንዱ ብቻውን አይሠራም። ሰው ግማሹን አድርጎ «አልሠራም» የሚለው ለዚህ ነው። ኦራክል ተቃራኒው ነው፦ ሳይነኩት የሚያመጣው 10፣ 10 ረድፍ ስለሆነ ትልቅ ንባብ ላይ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይጠቅማል።

አሥር ሺህ ረድፍ ማስገባት ለምን ይህን ያህል ይዘገያል?

አሥር ሺህ ጊዜ ወደ ሰርቨሩ ተመላልሳችሁ፣ አሥር ሺህ ጊዜ ኮሚት ስላደረጋችሁ። ኦቶኮሚትን አጥፉ፣ አድባች እያላችሁ ሰብስቡና በየ500 ወይም በየ1000 ረድፉ ኤክሰኪዩትባች በሉ። ማይኤስኪውኤልም ፖስትግሬስም ብዙ ኢንሰርትን ወደ አንድ የሚያጥፍ መመሪያ በአድራሻው ላይ ይቀበላሉ፤ ሲጀምር ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው።

የግዕዝ ፊደል ሳስገባ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

የጥያቄ ምልክት ካያችሁ ፊደሉ መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ ያ የገባው ረድፍ ተመልሶ አይድንም። የጃቫ ስትሪንግ ራሱ ዩኒኮድ ነው፣ ጥፋቱ ከእሱ ወዲያ ነው፦ ወይ ዓምዱ ወይ ኮኔክሽኑ ላቲን 1 ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 በ3 ባይት ስለሚጻፍ በማይኤስኪውኤል የቆየው ባለ 3 ባይቱ ዩቲኤፍ 8 እንኳ ይይዘዋል፤ ኢሞጂ ሲመጣ ግን ይወድቃል። ባለ 4 ባይቱን ምረጡና ተገላገሉ።

ለምን ከመጀመሪያው ሃይበርኔት አልጠቀምም?

ሃይበርኔት የጃቫ ኦብጀክቶችን ከሠንጠረዥ ጋር የሚያዛምድ ላይብረሪ ነው። ተጠቀሙ፤ ግን ጄዲቢሲን አንድ ሳምንት በእጃችሁ ከሠራችሁበት በኋላ። ሃይበርኔት ሥር ያለው ያው ጄዲቢሲ፣ ያው ፑል፣ ያው ትራንዛክሽን ነው። ሲበላሽ የሚወረወረው ኤክሴፕሽን ከሥር የሚመጣ ስለሆነ ሥሩን የማያውቅ ሰው ግራ ይገባዋል።

በጣም የሚታየው ወጥመድ ይኸው፦ 100 የደንበኞች የግዢ ትእዛዞችን በአንድ ኪዌሪ አነበባችሁ፣ ከዚያ በሉፕ የእያንዳንዱን ደንበኛ ስም ጠራችሁ። ደንበኞቹ የተለያዩ ከሆኑ ሃይበርኔት ለእያንዳንዱ አንድ ኪዌሪ ይልካል፤ 101 ሆነ። የራሳችሁ ማሽን ላይ አይታወቅም፣ ዳታቤዙ ሩቅ ሲሆን ገጹ ይንፏቀቃል። የኤስኪውኤል ሎጉን ክፍት አድርጋችሁ ሥሩ፤ ሲንዠቀዠቅ ታዩታላችሁ። ጆይን ፌች ብላችሁ በአንድ ኪዌሪ አምጡት። ለከባድ ሪፖርት ደግሞ እኔ አሁንም ኤስኪውኤሉን በእጄ ነው የምጽፈው።

ፓስወርዱን የት ላስቀምጥ?

ኮዱ ውስጥ አይደለም። ኢንቫይሮመንት ቫርያብል ወይም የሚስጥር ማስቀመጫ ሰርቪስ ይበቃል። ለፕሮግራሙ የተለየ ዩዘር ፍጠሩለት፣ የሚነካቸውን ሠንጠረዦች ብቻ ፍቀዱለት፤ በሩት ዩዘር አይገናኝ። ፓስወርዱ አንዴ ጊት ውስጥ ከገባ ደግሞ ፋይሉን አጥፍቶ አዲስ ኮሚት ማድረግ አይረዳም፣ ታሪኩ ውስጥ አለ። ፓስወርዱን ዛሬውኑ ቀይሩት።